ገንዘብ ሲረክስ

በኑዌር ዘንድ የሽንት ቤት ገንዘብ ላም አይገዛም። ቢገዛም ላሚቱ አትበረክትም፤ ትሞታለች ነው የሚባለው። ይህን የጻፈችልን ሻሮን ሃቺንሰን የምትባል አሜሪካዊት የባህል አጥኚ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ሱዳን ኑዌሮች መካከል ኖራ፣ ኋላም ተመልሳ ሄዳ ያየችውን እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ አሳተመችው። የኑዌር ሕዝብ ደግሞ ካርታ ላይ በተሰመረ መስመር የሚቆም አይደለምና፣ ከድንበሩ ወዲህ ባሮን ተከትሎ ያለውም ወዲያ ያለውም ዘመዳሞች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ወጣት ኑዌሮች ወደ ከተማ እየሄዱ የቀን ሥራ ይሠሩ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ ከየቤቱ የባልዲ ሽንት ቤት እያነሱ መድፋት ነው። በዚህ ሥራ የተገኘ ገንዘብ የራሱ ስም አለው። እኔ ለጨዋ አንባቢ ብዬ "የሽንት ቤት ገንዘብ" አልኩት እንጂ እነሱ ስሙን ሳያለዝቡ ነው የሚጠሩት። ላም ተሽጣ የተገኘ ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነው፤ ተመልሶ ላም መግዛት ይችላል። ላሟም እንዲሁ ትለያለች። በልጅ ጋብቻ የመጣች ላም ላይ ወንድሙም አጎቱም ዘመዱም "ድርሻ አለኝ" ይላል፤ በገንዘብ የተገዛችው ግን የገዢዋ ብቻ ናት። ሁለቱ በአንድ በረት ቢያድሩም አንድ አይደሉም። ምክንያቱን ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ከየትኛውም የኢኮኖሚክስ መማሪያ ይልቅ እኔን ብዙ አሳስቦኛል። ገንዘብ ደም የለውም፤ ላምና ሰው ግን ደም አላቸው።

ይህን ታሪክ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ያንን የከሰዓት ሙቀት ለማሳለፍ ባሮ ዳር ማንጎ ጥላ ሥር ለተቀመጥን ሰዎች ባወራ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ሳቀብኝ። ደገኛ ነው፤ እኔም ደገኛ ነኝ። "ጋሼ፣ ብር ደግሞ ከየት መጣህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ብር ብር ነው" አለኝ። ሌሎቹም ሳቁ። አንዱ ብቻ፣ የኑዌር ልጅ ነው፣ አልሳቀም፤ ሻዩን ነው ያማሰለ።

ሳያውቀው የሮማውን ቄሣር የቬስፓስያንን ቃል ነው የደገመው። ቬስፓስያን ግምጃ ቤቱ ሲራቆትበት ከሕዝብ ሽንት ቤት በሚሰበሰበው ሽንት ላይ ግብር ጣለ። ሽንት ያን ጊዜ ለልብስ አጣቢና ለቆዳ ፋቂ የሚሸጥ ሸቀጥ ነበር። ልጁ ቲቶ "ይህስ ነውር ነው" ሲለው አባት ከዚያው ግብር የተገኘውን ሳንቲም አፍንጫው ሥር አስጠግቶ "ይሸትሃል?" ብሎ ጠየቀው ይባላል። አይሸትም አለ ልጁ። እንግዲህ ከሮም እስከ ናስር፣ ከንጉሥ እስከ ቀን ሠራተኛ፣ ሰዎች አንዱን ጥያቄ በዚያው በሽንት ቤት ላይ ተጨቃጭቀውበታል ማለት ነው። ገንዘብ የመጣበትን መንገድ ይዞ ይዞራል ወይስ እጅ በቀየረ ቁጥር ይነጻል?

የኛ ቋንቋ በዚህ ክርክር ውስጥ ያለው ቦታ ግራ የሚያጋባ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከማሠራቸው ነገሮች አንዱ የገበያ ቃላትን ጓዝ ማስፈተሽ ነበር። "ገንዘብ" የሚለው ቃል ራሱ ከወረቀቱና ከሳንቲሙ በፊት "የራስ የሆነ ነገር" ማለት ነው። ሊቃውንቱ "ትሕትናን ገንዘብ አደረገ" ሲሉ ትሕትናን ሸምቶ መጣ ማለታቸው አይደለም። "ከብት" በድሮ አማርኛ ሀብት ሁሉ ነው። "ውድ" ዋጋው የማይቀመስም ነው፤ የምንወደውም ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን "ረከሰ" የሚለው ነው። ጤፍ ረከሰ ሲባል እሰየው ነው፤ ታቦት ያለበት ቤት ረከሰ ሲባል ግን መቅሰፍት ነው። ዋጋ መውረድና መቆሸሽ በአንድ ግስ ይነገራሉ። "ብራችን ረከሰ" ያለ ሰው ስለ ምንዛሪ ይሁን ስለ ነፍስ እየተናገረ እንደሆነ ከዐውዱ ካልሆነ አይለይም። እኔ ሁለቱንም ነው የምለው።

ወደ ማንጎው ጥላ ልመለስና፣ የዚያ የመሥሪያ ቤት ሰው ሳቅ ደስ ያላለኝ በሌላ ምክንያት ነው። "የሽንት ቤት ገንዘብ" በሚለው ስንስቅ እኛ ደገኞች የራሳችንን ረስተነዋል። እኛ ዘንድ የሸማኔው ሸማ ይለበሳል፣ ሸማኔው ይናቃል። ማረሻውን የሠራው አንጥረኛ "ቡዳ ነው" ተብሎ ልጁ ጋብቻ ይከለከላል፤ በዚያ ማረሻ የታረሰው እህል ግን ለጠበል ጠዲክ ይቀርባል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድበውን የሚያስጠነቅቅ አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል። እኛ ከእጁ የሚወጣውን ብር ንጹሕ፣ እጁን እርኩስ አድርገን ነው የከፈልነው። ኑዌሮቹ ቢያንስ አልከፈሉትም። ሥራው ቆሻሻ ከሆነ ብሩም ቆሻሻ ነው አሉ። እርግጥ ይህም ፍርዱ ድሃው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ባልዲውን የተሸከመው ልጅ ምን አደረገ? ሽንት ቤቱን የተጠቀመው ባለሥልጣንስ ገንዘቡ የምን ይባላል? ግን አንድ ነገር አለው። ገንዘብን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ማኅበረሰብ፣ ከየት እንደመጣ ጨርሶ ከማይጠይቅ ማኅበረሰብ ጋር አንድ ዓይነት ሌባ አያፈራም።

ከባሮ ሌላ ጎረቤት ደግሞ አኙዋኮቹን ውሰዱ። እነሱ ዘንድ ጥሎሽ የሚከፈለው ዲሙይ በሚባል የሰማያዊ ብርጭቆ ዶቃ ነበር። ዶቃው ከሩቅ በንግድ የገባ፣ እንደልብ የማይገኝ ነው። እህል አይገዛበትም። ወንድሙ ሚስት የሚያገባው እህቱ ስታገባ በመጣው ዲሙይ ነው፤ ያው ዶቃ ከቤት ቤት ሲዞር የጋብቻ ታሪክ ሁሉ ይዞ ይዞራል። ማን ለማን ባለዕዳ እንደሆነ ሽማግሌዎች በቃል ያውቁታል። ደግሞ ገነት አድርጌ ልሣለው አልፈልግም። እህት የሌለው ድሃ ልጅ ከርተት ይል ነበር፤ ልጅቱንም ፈቃዷን የጠየቃት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ዶቃው ሁሉን በር የሚከፍት አልነበረም። ዳኛ አይገዛም፣ ሹመት አይገዛም፣ የረሃብ ቀን ጎረቤትን አስጨንቆ መሬቱን አይቀማም። ደርግ መጣና ይህንን ኋላ ቀር ልማድ ብሎ ከለከለው። በዶቃው ፈንታ ብር ገባ። ብር ደግሞ ሁሉን በር የሚከፍት ቁልፍ ነው፤ ሚስትም፣ በቆሎም፣ ጠመንጃም፣ ፊርማም በዚያው በአንዱ ቁልፍ። ጀርመናዊው ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1900 ስለ ገንዘብ ፍልስፍና ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ የሚያስጨንቀው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ሁሉም ነገር በአንድ መለኪያ ሲለካ "ምን ዓይነት?" የሚለው ጥያቄ ይጠፋና "ስንት?" የሚለው ብቻ ይቀራል።

"ስንት?" የሚለው ጥያቄ ጋምቤላ የመጣው በመርከብ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በአራተኛው አንቀጹ፣ ኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር፣ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር፣ በስፋት ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው የቆመው ጋምቤላ ላይ ሆነ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣል፤ ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ተጭኖ ይሄዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ እንኳ እዚህ ወኪል ነበረው። አስቡት፤ አገሩ በሙሉ ባንክ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ባሮ ዳር የባንክ ወኪል! የጣሊያንን ዓመታት ሳንቆጥር ጣቢያው ሱዳን ነጻ እስክትወጣ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዞቹ እጅ ቆየ።

በዚያ ገበያ የሚያዘው ጠገራ ብር ነበር፤ 28 ግራም የሚሆን ብር፣ ከሞተች ብዙ ዘመን ያለፋት የአውስትሪያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ መልክ ያለበት። ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ነው። ባላገሩ የንግሥቲቱን ጌጥ እየቆጠረ፣ ድንጋይ ላይ እያጮኸ ነበር የሚቀበለው። የራሳችን ንጉሥ 1887 ዓ.ም. የሚል ያለበትን ብር ፓሪስ አስቀርጸው ቢያመጡለት እንኳ "እቴጌዬን ስጡኝ" አለ። ለምን? እንግዶችን አመነ ማለት አይደለም። ማንንም ስላላመነ ነው። ጠገራው ቃል አይገባም፤ ክብደቱ ራሱ ክፍያው ነው። መንግሥት ሊያበዛው አይችልም፣ የሚመታው ባሕር ማዶ ነውና። የጠገራ ሥነ ምግባር የሚዛን ሥነ ምግባር ነው። አጭበርባሪ በዝቶ ነበር፤ የሚያጭበረብረው ግን በዓይን የሚታይ ሰው ነው።

ይህን ስል ጠገራን ማመስገኔ አይደለም፤ በዚያው ጠገራ ሰው ተሽጧል። ከዚህ ከደቡብ ምዕራቡ አገር የተፈነገለ ልጅ በጠገራ ተቆጥሮ ወደ መሐል አገር ሄዷል። በ1916 ዓ.ም. ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስንገባ ባርነትን እናስቀራለን ብለን ቃል ገባን፤ ጨርሶ በአዋጅ የተሰረዘው ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። በመሐል ያሉት ዓመታት ጾም የሚጾሙ፣ ምጽዋት የሚሰጡ፣ ባሪያም የሚያሳድሩ የተከበሩ ሰዎች ዓመታት ናቸው። በዚህ ጉዳይ ሲገሥጹን የነበሩት እንግሊዞችስ? እ.ኤ.አ. በ1833 በቅኝ ግዛቶቻቸው ባርነትን በሕግ ሲያስቀሩ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈሉ። ለማን? ለባሪያዎቹ እንዳይመስላችሁ፤ ለጌቶቹ። ንብረታቸው ተወሰደባቸዋ! ለዚያ የተገባው የብድር ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ግብር ሲከፍሉ ከኖሩት መካከል የባሪያዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆችም አሉበት። የሒሳብ መዝገብ እንዲህ ነው፤ ዋጋ የተጻፈለትን ያስታውሳል፣ ዋጋ ያልተጻፈለትን አያውቀውም።

ሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር በአዋጅ ወጣ፤ ወረቀቱ ገባ። ጠገራው ቀስ እያለ ከገበያ ወደ አንገት ጌጥ ወረደ። ወረቀት ከጠገራ የሚለየው ቃል ስለሆነ ነው። "ይህን የያዘ ሰው ነገም ዛሬም ያው ነው" የሚል ቃል፣ ገዢና መንግሥት መካከል። ቃል ከሆነ ደግሞ ይጠበቃል ወይም ይፈርሳል። ሲፈርስ የሚፈርሰው ዋጋ ብቻ አይደለም።

የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ዕድሜ ልካቸውን በኖራ አቧራ ሲያስሉ ኖረው ያጠራቀሙትን 100 ሺሕ ብር ባንክ አስቀመጡ። ባንኩ በታማኝነት ወለድ ሰጣቸው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ስለዚህ በዓመቱ 107 ሺሕ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነው። በ100 ሺሕ ይገዛ የነበረው ዕቃ 130 ሺሕ ገባ። ሰውየው 7 ሺሕ ብር አተረፍኩ ብለው ሲወጡ የ23 ሺሕ ብር ዕቃ ተወስዶባቸዋል። ማን ወሰደው? ሌባ ብለው ጣት የሚቀስሩበት ሰው የለም። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" የተባለው ለሳቸው ነው።

ጎረቤታቸው ደግሞ ቆጥቦ አያውቅም፤ ተበዳሪ ነው። በተበደረው ብረትና ቆርቆሮ ገዝቶ መጋዘን ከተተ፣ መሬት ያዘ፣ ዕዳውን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በረከሰ ብር መለሰ። አንድም ሕግ አልጣሰም። ልጆቹ በመኪና ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የመምህሩ ልጅ ይህንን እያየ ነው የሚያድገው። አባትየው "ቆጥብ፣ ታማኝ ሁን፣ ሥራ" ሲለው ልጁ በልቡ ምን እንደሚል እኔ ልንገራችሁ? አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሕጋችን ራሱ ምን እንደሚል ተመልከቱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋል ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣ አበዳሪን ይቀጣል። ፍትሐ ነገሥቱም አራጣን ያወግዛል። መልካም። ከሌላው ችግር ተጠቅሞ ሥጋውን መብላት ነውር ነው። ነገር ግን 30 በመቶ በሚንር ገበያ በ12 በመቶ ያበደረ ሰው አበዳሪ ሳይሆን ተመጽዋች ነው የሚሆነው። ከቆጣቢው ላይ በዓመት 20 ሳንቲም በብር የሚያነሳ አሠራር ደግሞ ስሙ አራጣ አይደለም፤ ስሙ ፖሊሲ ነው። መንደር ውስጥ ሲሆን ወንጀል፣ አገር ሲያክል ግን መርሐ ግብር ይሆናል። እኔ የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም፤ የዋጋ ንረት ከጦርነትም፣ ከድርቅም፣ ከዓለም ገበያም እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምናገረው ስለ ቃላቱ ነው። አንዱን ድርጊት በትልቅነቱ ምክንያት ሌላ ስም ከሰጠነው ልጆቻችን የሚማሩት ሌብነት ነውር መሆኑን ሳይሆን ትንሽ ሌብነት ነውር መሆኑን ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት የፈጠረው ይኸው ትምህርት ይመስለኛል።

"ሕዝቡ ተበላሸ፣ ድሮ ቀረ" የሚል ሐዘን በየልቅሶ ቤቱ እሰማለሁ። ሰው በአንድ ትውልድ አይበላሽም። ሰው ከገንዘቡ ጋር ነው የሚስማማው። አንድ አገር ሁለት የዶላር ዋጋ ካለው ሁለት ሥነ ምግባር ይኖረዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ የዚያ እጥፍ ነበር። ዋሽንግተን ያለው ዘመዴ የመንግሥት ሌብነት ሲነሣ ፊቱ ይቀላል፤ ለእናቱ የሚልከውን ግን በሚያውቀው ልጅ በኩል፣ በጥቁሩ ዋጋ ነው የሚልከው። ሞኝ ነው እንዴ? የእናቱን ገንዘብ ግማሽ ለምን ይጥላል? በባንኩ ዋጋ ዶላር ለማግኘት ወረፋ የተፈቀደለት አስመጪ ደግሞ ዕቃውን የሚሸጠው በጥቁሩ ዋጋ አስልቶ ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ሌላውን "ሌባ" ይሉታል። ልዩነቱ ጠብቦ፣ ባንኩ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ካለፈ በኋላ፣ ያንን የለመደ ሰው በማግስቱ ሐቀኛ ሆኖ ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ ካለ የዋህ ነው። ቀዳዳው ቢደፈንም እጁ ቀዳዳውን ለምዷል።

አበልንም አትርሱ። ደመወዝ የማያኖረውን የመንግሥት ሠራተኛ ስብሰባ ያኖረዋል። ጋምቤላ ያገኘሁት አንድ ባለሙያ የወሩን ወጪ የሚያሰላው በሥልጠና ቁጥር ነው። "በዚህ ወር ሁለት ወርክሾፕ አለ፣ የልጄ ክፍያ ይሸፈናል" ይላል። በዚያች ከተማ በስደተኛው ምክንያት የእርዳታ ድርጅቱ ብዙ ነውና፣ መምህሩ ሾፌርነት ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም። ሠልጥኖ ያልተሰማራ፣ ተሰብስቦ ያልወሰነ አገር ብንሆን ማን ይፈረዳል? የከፈልነው ለመሰብሰብ ነው።

ጋምቤላ ላይ "ረከሰ" የሚለው ቃል ሁለቱ ትርጉሞቹ የተገናኙበት አንድ ወረቀት አለ። ጥቅምት 2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ ለተባለ የሕንድ ኩባንያ በጅካዎና በኢታንግ 100 ሺሕ ሄክታር መሬት በሊዝ ተሰጠ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር። ያን ጊዜ 20 ብር ከአንድ ዶላር ጥቂት ሳንቲም ነው የሚበልጠው፤ አዲስ አበባ አንድ ምግብ ቤት አንድ ክትፎ አያበላም። እንግዲህ ምኒልክ ለእንግሊዝ 400 ሄክታር ሲፈቅዱ በሜትር ተለክቶ፣ ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል ታስሮ ነበር። የመቶ ዓመት ልዩነት እዚህ አደረሰን። "ባዶ መሬት ነው" ተባለ። ከብት የሚውልበት፣ ማር የሚቆረጥበት፣ ወንዙ ሲመለስ የሚዘራበት ባዶ። ዋጋ ያልተጻፈበት ስለሆነ ባዶ፤ ዋጋ ሲጻፍበት ደግሞ 20 ብር። ኩባንያው ያለውን ሊያለማ አልቻለም፤ ውሉ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ከአገር ውስጥ ባለሀብቶችም መሬት ተደርቦ የተሰጣቸው፣ በመሬቱ ወረቀት ከባንክ ተበድረው ብሩን እርሻው ላይ ያላዋሉ እንደነበሩ መንግሥት ራሱ ያስጠናው ጥናት አወጣው። እዚያ ጫካ ውስጥ የተመነጠረ ማሳ ይጠበቅ የነበረው ብር የት እንደበቀለ መናገር አያስፈልገኝም፤ ብር ብር ነዋ፣ ከየት መጣህ አይባልም። በረት ሰብሮ አንድ ጊደር የነዳ ጎረምሳ ግን ከየት እንደነዳት በደንብ ይጠየቃል።

መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየርም ትዝ ይለኛል። አሮጌውን በሦስት ወር ውስጥ ያልቀየረ ወረቀት ታቀፈ። ዓላማው የተደበቀ ገንዘብን ማውጣት ነው፤ ዓላማው አልከፋም። ከባንክ የራቀ፣ ብሩን በጣሳ የቀበረ አርብቶ አደር ግን ከዚህ ምን እንደተማረ አስቡ። ላም በሦስት ወር ውስጥ ካልቀየርካት ወረቀት ናት አትባልም። ትታመማለች፣ ትነዳለች፣ ትሞታለች እንጂ ከአዲስ አበባ በሚነገር ዜና ላም መሆኗ አያበቃም። ከዚያ በኋላ "ከብት መውደድ ኋላ ቀርነት ነው" የሚለውን የሥልጠና ወረቀት ማንበብ አቃተኝ።

እንዲህም ሆኖ ላሟም ከብሩ አላመለጠችም። የድሮ ተማሪዬ የሆነ የኑዌር ልጅ፣ አሁን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ የጥሎሽ ሽምግልና ላይ ይዞኝ ሄደ። "መምህር፣ ይምጡና ይስሙ፣ የሚያስተምሩት ነገር ነው" አለኝ። ንግግሩ በኑዌርኛ ነው፤ እሱ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። ሃያ አምስት ከብት ነው ስምምነቱ። አሥራ አምስቱ በእግራቸው መጥተዋል፤ የቀሩት አሥሩ በብር እንዲከፈሉ ተስማምተው፣ የዚያን ቀን የላም ዋጋ ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ልጁ ከደመወዙ እየቆጠበ የስድስቱን ከፈለ። አራት ቀረ። በመሐል የላም ዋጋ ተሰቀለ። ልጁ የወረቀቱን ብር ይዞ መጣ። የልጅቱ አጎት ብሩን አላየውም እንኳ። "እኔ ላም አልኩ እንጂ ወረቀት አላልኩም። በዚህ ብር ዛሬ ገበያ ውጣና አራት ላም ነድተህ ና፣ ከመጡ ልቀበል" አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነቱን ነው። ብሩ ሁለት ላምም በቅጡ አይገዛም።

ይኼኔ ከወዲያ በኩል የልጁ ታላቅ ወንድም ተነሣ። ለካ ሦስት ዓመት አልፎታል፣ ያው አጎት ከሱ 20 ሺሕ ብር ተበድሮ ነበር፤ ትናንት 20 ሺሑን ይዞለት መጥቷል። "ያን ጊዜ በ20 ሺሑ ምን ገዛህበት?" ሲል ጠየቀው። አጎትየው ዝም አለ። ተሰብሳቢው ያውቃል፤ ጊደር ነው የገዛበት፤ ጊደሯ ወልዳለች። "ብድሩ ብር ነበር፣ ላም አልነበረም" አለ አጎት በመጨረሻ። ሳቁ ከዚያ ዛፍ ሥር እስከ ወንዙ ሳይሰማ አልቀረም። አጎትየው ራሱ እንኳ ፈገግ አለ፤ ግን ቃሉን አላነሣም። የሚከፈለውን በላም፣ የሚከፍለውን በብር ነው የሚቆጥረው። ወንድምየው ደግሞ እሱም ያው ነው፤ ለወንድሙ ጥሎሽ ሲሆን "የተጻፈው ብር ነው" ብሎ ሲከራከር ቆይቶ ለራሱ ብድር ሲሆን ላሚቱን አነሣ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደኔ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። ተማሪዬ ተረጎመልኝ። "አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ አሉ፤ በመንግሥት ሕግ የቱ ነው የሚቆጠረው?" የሕጉን ነገርኳቸው። ዕዳ በተጻፈው ብር ልክ ነው የሚከፈለው፣ የብሩ የመግዛት አቅም ቢወርድም። ሽማግሌው አዳመጠና ሕጉን ያወጣው ሰው ላም አለው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ጉዳዩ ለሰኞ ተቀጠረ። ወንድምየው ሲነሣ ለአጎት የጣለለትን ተማሪዬ እየሳቀ ነገረኝ። "ብሩን ያዘው፤ እኔ ጥጃዋን ነው የምወስደው።"